ሦስተኛው መድኃኒት ለምን በዕጣ ይሰጣል? ጥያቄዬና የደረሱኝ 18 ምላሾች

ጥያቄው ከእኔ በፊት የታላቅ ወንድሜ ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ወደ ጉበቱ ተሠራጭቶ ከተገኘ በኋላ ኦክሳሊፕላቲን ያለበትን ኬሞቴራፒ ወሰደ፤ እጢዎቹም ለጥቂት ወራት ቀነሱ፣ ከዚያ ግን መድኃኒቱን ተላምደው እንደገና ማደግ ጀመሩ። ከሕክምናው የቀረለት የጣቶቹ መደንዘዝ ነው። የሸሚዙን ቁልፎች ለመቆለፍ ረጅም ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ላግዝህ ስለው ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ራሱ ይጨርሳል። የእጢው ናሙና ሲመረመር ብራፍ በሚባለው ጂን ላይ ቪ600ኢ የተባለው ለውጥ ተገኘበት። ሐኪሙም አንድ ክሊኒካዊ ሙከራ አቀረቡለት። በሙከራው ሁሉም ተሳታፊዎች ኤንኮራፌኒብና ሴቱክሲማብ የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች ይወስዳሉ፤ ለግማሾቹ ደግሞ ገና በጥናት ላይ ያለ ሦስተኛ መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። ማን ሦስቱን፣ ማን ሁለቱን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ነው።

በውይይት መድረኩ ላይ ያነሣሁት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ካንሰሩ አንዱን መድኃኒት ሲለምድ ሌላውን የሚሻ ከሆነ፣ ሦስተኛው መድኃኒት በእጅ እያለ ከግማሾቹ ታማሚዎች የሚከለከለው ለምንድን ነው? ጥያቄውን የጻፍሁት በቁጣ እንደነበር አልደብቅም። ወንድሜ የስምምነት ቅጹን ለማንበብ የአሥር ቀን ጊዜ ተሰጥቶት ነበርና መልስ የምፈልገው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነበር። ከዚህ በታች ምላሾቹን በቁጥራቸው ተራ እተርካለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 አጭርና ትሑት ነበር። ጸሐፊዋ ለወንድሜ ምሕረትን ተመኝተው፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ያሉት ምንም ሕክምና አያገኙም ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እንደዚያ አለመሆኑን፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ለዚህ በሽታ አስቀድሞ የተፈቀዱና ለሁሉም የሚሰጡ መሆናቸውን አስረዳሁ። ብዙ ሰው ማነጻጸሪያ ቡድን ሲባል ባዶ ክኒን የሚውጥ ሰው በዐይነ ኅሊናው ስለሚታየው ይህን መጀመሪያ ማጥራት ተገቢ ነበር።

ምላሽ 2 ሙሉ በሙሉ ከጎኔ የቆመ ነበር። ጸሐፊው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በሚለው ብሂል ጀምረው የመድኃኒት ጥምረትን ታሪክ ዘረዘሩ። የሳንባ ነቀርሳ በስትሬፕቶማይሲን ብቻ ሲታከም ተህዋሲው በወራት ውስጥ መድኃኒቱን ይለምድ እንደነበር፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ግን መላመዱ በእጅጉ መቀነሱን የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1950 ማሳየቱን ጠቀሱ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ኤሚል ፍሬይና ኤሚል ፍራይራይክ ለልጆች የደም ካንሰር አራት መድኃኒቶችን በአንድ ላይ መስጠት መጀመራቸውን፣ በዚያው ተቋም ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቻቸው የሆጅኪን ሊምፎማን በአራት መድኃኒቶች ማዳን መቻላቸውን፣ የኤችአይቪም ሕክምና በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን ሲያጣምር መልኩ መለወጡን ጨመሩ። መደምደሚያቸው ታሪክ ሁሉ የሚያሳየው ማጣመርን ስለሆነ ሦስቱንም ለሁሉም መስጠት ይገባል የሚል ነበር። ባነበብሁት ጊዜ ልቤ ሞቀ፤ የምፈልገው መልስ እርሱ ነበርና።

ምላሽ 3 በካንሰር ሕክምና ክፍል እንደሚሠሩ ከገለጹ ሐኪም መጣ። ከክሩ፣ ማለትም ከምላሾቹ ሰንሰለት ሁሉ፣ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ነው። ብራፍ የሚባለው ፕሮቲን ተባዛ የሚለውን መልእክት ከሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ ከሚቀባበሉት አንዱ ነው። ቪ600ኢ የተባለው ለውጥ ሲደርስበት ግን ላኪ ባይኖርም መልእክቱን ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። ይኸው ለውጥ ሜላኖማ ከተባለው የቆዳ ካንሰር ታማሚዎች በግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ብራፍን የሚያግደው ቬሙራፌኒብ በ2011 በአሜሪካ ሲፈቀድ ለውጡ ካለባቸው የሜላኖማ ታማሚዎች የግማሽ ያህሉን እጢ በጉልህ ያሳንስ ነበር። ያው መድኃኒት ያው ለውጥ ላለባቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች ሲሰጥ ግን የረዳው ከ20 ሰው አንዱን ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ በ2012 በወጡ ጥናቶች ተገለጠ። የአንጀት ካንሰር ሴል ብራፍ ሲዘጋበት በሽፋኑ ላይ ያለውን ኢጂኤፍአር የተባለ ተቀባይ ይቀሰቅሳል፤ የተዘጋውም መልእክት በጓሮ በር ይገባል። የሜላኖማ ሴሎች ይህ ተቀባይ እምብዛም ስለሌላቸው የጓሮ በር የላቸውም። ኤንኮራፌኒብም እንደ ቬሙራፌኒብ ብራፍን ያግዳል፣ ሴቱክሲማብ የሚዘጋው ደግሞ ያንን በር ነው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች የተጣመሩትም በዚህ ምክንያት እንጂ መድኃኒት ሲበዛ ይሻላል ተብሎ አይደለም። ሐኪሙ ምላሽ 2ን በትሕትና ያረሙትም እዚህ ላይ ነው፦ ታሪኩ ትክክል ቢሆንም በታሪክ የምናያቸው ጥምረቶች በሙከራ ተፈትነው ያለፉት ናቸው፤ ተፈትነው የወደቁትን ግን የሚያስታውስ የለም።

ምላሽ 4 በቀጥታ ወደ ወንድሜ በሽታ ገባ። ቢከን የተባለው ሙከራ በ2019 ያወጣውን ውጤት ጸሐፊዋ በቁጥር አስቀመጡት። ሙከራው ቀደም ሲል ሕክምና ወስደው በሽታቸው የተባባሰባቸውን 665 ታማሚዎች በሦስት ቡድን አሰልፏል፦ የመጀመሪያው ኤንኮራፌኒብ፣ ሴቱክሲማብና ቢኒሜቲኒብ፤ ሁለተኛው ያለ ቢኒሜቲኒብ ሁለቱን ብቻ፤ ሦስተኛው ኬሞቴራፒ ከሴቱክሲማብ ጋር። በመጀመሪያው ትንተና ከታማሚዎቹ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ሦስቱን በወሰዱት 9.0 ወር፣ ሁለቱን በወሰዱት 8.4 ወር፣ በማነጻጸሪያው ቡድን 5.4 ወር ነበር። ክትትሉ ሲረዝም ሦስቱን የወሰዱትና ሁለቱን የወሰዱት እኩል 9.3 ወር ላይ ተገናኙ። ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰው ግን ሦስቱን ከወሰዱት በ58 በመቶው፣ ሁለቱን ከወሰዱት በ50 በመቶው ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2020 የፈቀደውም ሁለቱን ብቻ ነው። ያን ጊዜም ሦስተኛው መድኃኒት በሚገባ የታሰበበት ነበር፤ በዚያው የመልእክት መንገድ ላይ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ የሚዘጋ፣ በሜላኖማም የተመሰከረለት። ሁለቱን ብቻ የወሰደ ቡድን ባይኖር ኖሮ ታማሚዎች እስከ ዛሬ ቢኒሜቲኒብን ከነተቅማጡና ከነዐይን ችግሩ በከንቱ ይወስዱት ነበር ሲሉ ጸሐፊዋ ጨረሱ። እኔም ጥያቄዬን ከቁጣዬ ለይቼ ማየት የጀመርሁት እዚህ ላይ ነው።

የክሩ ድምፅ የተለወጠው በምላሽ 5 ነው። ጸሐፊው እናታቸው በአንድ ሙከራ ማነጻጸሪያ ቡድን ውስጥ ሆነው መሞታቸውን ገልጸው ወራትና በመቶኛ እየቆጠሩ የሚጽፉትን ሁሉ ወቀሱ። ሰው የሚሞተው በመቶኛ አይደለም አሉ፤ ለተመራማሪ ሠንጠረዥ መሙያ እንዲሆን የታመመን ሰው ዕጣ ማስጣል ጭካኔ ነው አሉ፤ ዕጣ የሚለውን ቃል ያለ ኀፍረት በመጠቀሜ እኔንም ገሠጹ። ቃሉ ሻካራ ነበር። አወያዮቹ ሊያነሡት ቢያስቡም እንዲተዉት ለመንኋቸው፤ ልጅ ስለ እናቱ የሚጽፈውን በመድረክ ደንብ መለካት አልፈለግሁም።

ምላሽ 6 የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነኝ ካሉ ሰው መጣ፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም ንቀት አልነበረበትም። እርሳቸው ያመጡት ምሳሌ ኤፓካዶስታት ነው። ይህ መድኃኒት ፔምብሮሊዙማብ ከተባለው ኢሚውኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ ከሚያነሣሣ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በትንንሽ ሙከራዎች ሲሰጥ ከሜላኖማ ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እጢያቸው ቀነሰ፤ ብዙ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ መድኃኒቶችን ይዘው ተነሡ። በእነዚያ ሙከራዎች ግን ፔምብሮሊዙማብን ብቻ የወሰደ ቡድን አልነበረም። 706 ታማሚዎች በዕጣ የተመደቡበት ትልቅ ሙከራ በ2018 ሲገለጥ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ በጥምረቱ 4.7 ወር፣ በፔምብሮሊዙማብ ብቻ 4.9 ወር ሆነ። ሥራውን ሲሠራ የነበረው አንዱ መድኃኒት ነበር፤ ሌላው በእርሱ ጥላ ሥር ተደብቆ ተመሰገነ። ጥምረትን መፈተን አንድን መድኃኒት ከመፈተን የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ታማሚው ቢሻለው እንኳ ያሻለው የትኛው እንደሆነ ከታማሚው ፊት አይነበብም።

ምላሽ 7 ምላሽ 6ን አመስግኖ ግን በቂ አይደለም አለ። የማይረዳ መድኃኒት መጨመር ከንቱ ድካም ብቻ አይደለም፣ የሚገድልበትም ጊዜ አለ በማለት ጸሐፊው መልቲፕል ማይሎማ ከተባለው የመቅኔ ካንሰር ሁለት ታሪኮችን አመጡ። የመጀመሪያው የ2017 ነው። ፔምብሮሊዙማብ ከፖማሊዶማይድና ከዴክሳሜታሶን ጋር በተፈተነበት ሙከራ 29 ሰዎች ሲሞቱ ያለ ፔምብሮሊዙማብ ከታከሙት የሞቱት 21 ነበሩ፤ ከሌናሊዶማይድ ጋር በተፈተነበት ሌላ ሙከራ ደግሞ 19 እና 9። መረጃውን በየጊዜው የሚገመግመው ገለልተኛ ኮሚቴ ሚዛኑ ማዘንበሉን አየ፤ ተቆጣጣሪውም ሙከራዎቹን አስቆመ። ሁለተኛው ቤሊኒ የተባለው ሙከራ ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ቬኔቶክላክስ ከቦርቴዞሚብና ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲጨመር በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ከ11.5 ወር ወደ 22.4 ወር አደገ። በምርመራ ወረቀት ላይ ድል ነው። ሆኖም በ2019 በወጣው ማስጠንቀቂያ መሠረት ቬኔቶክላክስ ከተጨመረላቸው 194 ሰዎች 41 ሲሞቱ፣ ካልተጨመረላቸው 97 ሰዎች የሞቱት 11 ነበሩ፤ ከሟቾቹም በርካቶቹን የጣላቸው ኢንፌክሽን ነው። ያው ቬኔቶክላክስ በ2020 ከአዛሲቲዲን ጋር ሲጣመር ጠንካራ ኬሞ ለማይችሉ አረጋውያን የአጣዳፊ የደም ካንሰር ታማሚዎች ዕድሜን ከ9.6 ወደ 14.7 ወር አራዘመ። አንዱ መድኃኒት በአንዱ ጥምረት አዳኝ፣ በሌላው ገዳይ ሆነ ማለት ነው። የትኛው የትኛውን እንደሚሆን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማወቅ እንደማይቻል ጸሐፊው አጽንተው ተናገሩ።

በምላሽ 8 የምላሽ 5 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። የመቅኔና የደም ካንሰር ታሪክ ከጠጣር እጢ ጋር ምን አገናኘው፣ የተሸነፈ ሁሉ ወደ ሌላ በሽታ ይሸሻል አሉ። ያነሡት ነጥብ ባዶ አልነበረም፤ በአንድ ካንሰር የታየ ጉዳት በሌላው ይደገማል ብሎ መደምደም አይቻልም። ምላሽ 9 ግን ወዲያውኑ ከጠጣር እጢ ምሳሌ አቀረበ። ጸሐፊዋ ለዓመታት የካንሰር ታማሚዎችን ያስታመሙ ነርስ ናቸው። ቬሙራፌኒብና ኢፒሊሙማብ እያንዳንዳቸው ለሜላኖማ የተፈቀዱ በመሆናቸው ሁለቱን በአንድ ላይ ለመስጠት ሲሞከር የታማሚዎቹ ጉበት መጎዳት ጀመረ፤ ሙከራው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ መቋረጡም በ2013 ተዘገበ። ነርሷ ግን ተቃራኒውንም አልሸሸጉም። የብራፍ ማገጃ ብቻውን ሲሰጥ በአንዳንድ ታማሚዎች ቆዳ ላይ ሌላ ዓይነት የካንሰር እባጭ ያበቅላል፤ ዳብራፌኒብ የተባለው የብራፍ ማገጃ ትራሜቲኒብ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ሲጣመር ይህ ጉዳት ይቀንሳል፣ በምትኩ ትኩሳት ይበዛል። እኩለ ሌሊት ላይ እየተንቀጠቀጡ ኢንፌክሽን ያዘን ብለው የሚደውሉ ታማሚዎችን ድምፅ እስከ አሁን እንደሚያስታውሱ ጻፉ። ስለዚህ ሁለት መድኃኒት የሁለት መድኃኒት ጉዳት ያመጣል የሚለው ቀላል ድምርም አይሠራም።

ምላሽ 10 ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደን። ጥምረት የሚጠቅመው ሁልጊዜ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ ስለሚበረታቱ ነው ወይ የሚል ነበር። የሃርቫርዶቹ አዳም ፓልመርና ፒተር ሶርገር በ2017 ባወጡት ጥናት በሰው ላይ የተፈተኑ የብዙ ጥምረቶች ጥቅም በቀላል ነገር ሊገለጽ እንደሚችል አሳይተዋል፦ አንዱ ታማሚ የሚድነው በመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሌላው በሁለተኛው ነው፤ ማን በየትኛው እንደሚድን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሁለቱንም የወሰደ ሰው ሁለት ዕድል ያገኛል። እንዲህ ከሆነ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የታየ መበረታታት በሰው ላይ ላይታይ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 104 የተፈቀዱ መድኃኒቶችን ከ5,000 በላይ በሆኑ ጥንዶች በካንሰር ሴሎች ላይ ፈትኖ ውጤቱን በ2017 ይፋ አድርጓል፤ ከእነዚህ ሰው ዘንድ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ምላሽ 11 ከዚህ ተነሥቶ ወደ ቃላት ክርክር ገባ። ቅንጅት ማለት መበረታታትን፣ ጥምረት ማለት አብሮ መሰጠትን ብቻ ቢያመለክት ግራ መጋባቱ ይቀንስ ነበር ሲሉ ጸሐፊው አሳሰቡ፤ ዕጣ በሚለው ፈንታም በዘፈቀደ ምደባ እንድል መከሩኝ። የመጀመሪያውን ተቀበልሁ። ሁለተኛውን ግን አልተቀበልሁም፤ ዘፈቀደ የሚለው ቃል በተለመደው አነጋገር ግድ የለሽነትን ስለሚያሰማ ለወንድሜ ላነብለት የምችለው ቃል አይደለም። ዕጣ ለሁሉም እኩል ዕድል መስጠትን ይናገራል።

በምላሽ 12 አንድ ሰው በቅንነት፣ ወንድምዎ ሁለቱ ከደረሱት ሦስተኛውን ራሳችሁ ጨምሩለት፣ ለሌላ በሽታ የተሠሩ ብዙ መድኃኒቶች ካንሰርን እንደሚያግዱ ይነገራል አሉኝ። ምላሽ 13 የክሩ ኃይለኛ ተግሣጽ ነበር። ፋርማሲስት የሆኑት ጸሐፊ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል ብለው ጀመሩና ምክንያቱን አስረዱ። ኤንኮራፌኒብን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው በዋናነት ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለው ኢንዛይም ነው፤ ያን ኢንዛይም የሚያዳክም ነገር መድኃኒቱን በደም ውስጥ ያከማቻል፣ የሚያበረታው ደግሞ ሳይሠራ ያስወግደዋል። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል እንኳ የሳንባ ካንሰር መድኃኒት የሆነውን ኤርሎቲኒብን ወደ ደም የመግባት አቅም ያዳክማል። ቀጥለውም የአንድ ትልቅ ተስፋ ውድቀት ተረኩ። የካንሰር ሴሎች ፒ-ግላይኮፕሮቲን በሚባል ፓምፕ መድኃኒትን ወደ ውጭ እንደሚተፉ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ፓምፑን ማገድ መላመድን ይሰብራል ተብሎ ቫልስፖዳር የተባለ መድኃኒት ከኬሞ ጋር ተፈተነ። ፓምፑ ግን ጤናማውን የሰውነት ክፍልም ያገለግላል። ቫልስፖዳር ኬሞው ከሰውነት እንዳይወጣ ስላዘገየው መርዛማነቱ ጨመረ፤ ሐኪሞችም የኬሞውን መጠን መቀነስ ግድ ሆነባቸው፤ የተጠበቀውም ጥቅም በትልልቆቹ ሙከራዎች አልተገኘም። ምላሽ 12ን የጻፉት ሰው ይቅርታ ጠይቀው ጽሑፋቸውን አነሡ። ይህን ማድረግ ቀላል ስላልሆነ እዚህ ልመሰክርላቸው ወደድሁ።

ምላሽ 14 ስለ መጠን አወሳሰን አጭር ማብራሪያ ነበር፦ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስት ሦስት ሰዎችን እያስገቡ፣ ብርቱ ጉዳት እስኪታይ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ቢሆንም ለጥምረት ግን ከሁለቱ የትኛውን ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ ማድረግ እንደሚሻል በቅጡ አይመልስም።

ምላሽ 15 እንዲህ ባለ ክር ውስጥ የማልጠብቀው ነበር። የምላሽ 5 ጸሐፊ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር። ሁሉንም አንብቤአለሁ፣ ስለ ማነጻጸሪያው ቡድን የተናገራችሁት አሳምኖኛል አሉ። ያቃጠላቸው ሌላ ነገር ነበር። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ከሙከራው ማንም አልደወለም፤ ጥናቱ ምን እንዳገኘ፣ የእናታቸው ወራት ለሌላ ሰው ምን እንደጠቀሙ የነገራቸው የለም። ቤት ውስጥ የቀረው ቀሪ ክኒኖች የነበሩበት ጠርሙስ ነው፤ የጥናቱ ቁጥር የተለጠፈበት፣ ክዳኑን ለመክፈት እናታቸው በጨርቅ ይይዙት የነበረ። እንዲመለስ እንኳ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ካነበብሁ በኋላ በምላሽ 5 ላይ ተቆጥተው የነበሩ ሰዎች ሁሉ ዝም ማለታቸውን አስተዋልሁ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በዕጣ መመደብ በደል አይደለም፣ ውጤቱን አለመንገር ግን በደል ነው። ሰውን ለእውቀት ብሎ የጠየቀ፣ እውቀቱን ለዚያ ሰው ወይም ለቤተሰቡ የመመለስ ዕዳ አለበት። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መርሖችን የሚያስቀምጠው የሄልሲንኪ መግለጫም በ2013 እትሙ ተሳታፊዎች ስለ ጥናቱ አጠቃላይ ውጤት የማወቅ ምርጫ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ይደነግጋል።

ምላሽ 16 የምላሽ 3 ሐኪም ናቸው፤ ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ እንደሆነ ነገሩኝ። ሦስተኛው መድኃኒት ከሁለቱ ጋር በትንሽ ሙከራ ተሰጥቶ ያውቃል ወይ፣ ለስንት ሰው፣ ምን ጉዳትስ ታየ? በሽታው ከተባባሰ ሁለቱን የወሰደው ሰው በኋላ ሦስተኛውን ማግኘት ይፈቀድለታል ወይ? ሙከራው የሚለካው ሰው የኖረበትን ዕድሜ ነው ወይስ የእጢውን መቀነስ ብቻ? ከጉበት ናሙና ስንት ጊዜ ይወሰዳል፣ ለታማሚው ሕክምና ነው ወይስ ለጥናቱ ብቻ? በመጨረሻም በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት መብት መሆኑን፣ መውጣትም የተለመደውን ሕክምና እንደማያስቀር አጥብቀው አሳሰቡ። ስለ ሴቱክሲማብም አንድ ነገር ጨመሩ፤ በፊትና በደረት ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ በደም ውስጥ ያለውን ማግኒዝየም ይቀንሳል፣ የጣት ጫፎችን ይሰነጥቃል፤ ጣቶቹ አስቀድመው ለደነዘዙ ሰው ስንጥቁ ሳይታወቀው ሊመረቅዝ ስለሚችል በየማታው በዐይን መታየት አለበት።

ምላሽ 17 አንድ የተስፋ ወሬ ይዞ መጣ። ከኤንኮራፌኒብና ከሴቱክሲማብ ጋር የሚጠቅም ሦስተኛ አጋር በመጨረሻ ተገኝቷል፤ እርሱም ቀድሞ የሚታወቀው ኬሞ ሆነ። ብሬክዋተር በተባለው ሙከራ፣ ቀደም ሲል ምንም ያልታከሙ ታማሚዎች ሁለቱን ከኬሞ ጋር ሲወስዱ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ 30.3 ወር ሲሆን በተለመደው ሕክምና 15.1 ወር ነበር። ለወንድሜ በሽታ ግን ዘግይቷል፤ እርሱ የመጀመሪያውን ኬሞ ጨርሶአል። ጸሐፊዋ ይህን ራሳቸው አስተውለው በጥንቃቄ መጻፋቸውን አደንቃለሁ።

ምላሽ 18 ምን ወሰናችሁ የሚል ብቻ ነበር። ወንድሜ ከላይ ያሉትን ሁሉ በሁለት ቀን አዳመጠኝ፤ የምላሽ 4ን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ጥያቄዎቹን ለሐኪሙ አቀረብን፤ ስለ ናሙናው የሰጡን መልስ ስላላረካን ከአንድ ግዴታ ካልሆነ ናሙና ራሱን አግልሎ በዘጠነኛው ቀን ፈረመ። ዕጣው ሁለቱን መድኃኒቶች አወጣለት። ከመፈረሙ በፊት የምላሽ 15ን ነገር አንሥቶ ነበር፤ ውጤቱ ሲወጣ እርሱ ባይኖር ለማን እንደሚነገር የሚጻፍበት ቦታ በቅጹ ላይ አልነበረም። ሐኪሙ በኅዳጉ ላይ መጻፍ እንደሚችል ፈቀዱለት። ብዕሩን በደነዘዙት ጣቶቹ መሐል አጥብቆ ይዞ የእኔን ስምና ስልክ ቁጥር በትልልቅ ፊደላት ጻፈ፤ በዚህ ጊዜም ላግዝህ አላልሁትም።